ብቻዋን ስትሆን የሚጠየቅ ጥያቄ

ጠያቂዋ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ የቤቱ ባለቤት ሕፃኗን ታጠባለች። እስካሁን የተጠየቀችው ሁሉ ሰው ፊት የሚመለስ ነበር፤ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው፣ ቤታችሁ ሣር ነው ቆርቆሮ፣ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ አደገልሽ። ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ፣ ልጆች በሩ ላይ ተደርድረው እንግዳዋን ሲያዩ ማንም ግድ አላለውም። አሁን ግን ጠያቂዋ ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የሚቀጥለው ለአንቺ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ባይሰማን ይሻላል።»

ነገሩን ሳትጨርስ አማትየዋ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ አላለቀም እንዴ? ቡናው እኮ ደረሰ።»

«መጣን እማማ፣ ትንሽ ናት የቀረችን» አለችና ጠያቂዋ ስለ ሕፃኑ ክትባት ትጠይቅ ጀመር። አማትየዋ ወደ ረከቦቱ እስኪመለሱ ድረስ ወሬው የኩፍኝና የፖሊዮ ሆነ። ዋናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባልሽ ገፍትሮሽ ያውቃል? በጥፊ መትቶሽስ? ፀጉርሽን ጎትቶሽ? በቢላ አስፈራርቶሽ?

እንዲህ ያለው ጥየቃ ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ዙሪያ ሲካሄድ ነበር። በ645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን በሙሉ ይዘቱ ሲያካሂድ፣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ አራተኛ ጊዜው ነው። የባልን ዱላ የሚመለከተው ክፍል ግን ሲጨመር የመጀመሪያው ነበር። ለዚህ ክፍል ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ በዕጣ ትመረጣለች፤ ምራትና አማት ወይም ሁለት እህትማማቾች አብረው ቢጠየቁ፣ ጥያቄው ምን እንደነበር ከማታ በፊት ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የማይሰማበት ቦታ ካልተገኘ ጠያቂዋ ክፍሉን ዘላ እንድታልፍ ታዝዛለች። ስለ ዱላ በመጠየቅ ሌላ ዱላ ማስከተል አለና።

የኢትዮጵያ ሴቶች መብት ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም የሚለው ክርክር በየአዳራሹ ሲካሄድ፣ ሁሉም ወገን በመቶኛ ነው የሚናገረው። ያ መቶኛ እንዲህ ካለ ግቢ ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ ሠንጠረዥ ውስጥ አልፎ፣ ጄኔቭ ድረስ እንደሚሄድ ግን ብዙ ሰው አያስበውም። መንገዱ ረጅም ነው። በየደረጃው አንድ ሰው የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ግን መነሻው ነው። ሴቲቱ ያልተናገረችውን፣ ቀበሌው ያልጻፈውን የትኛውም ባለሙያ ኋላ ላይ ሊያገኘው አይችልም።

ከመድረሻው እንጀምር። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ባለሙያዎቹ ሴዳው የሚሉትን፣ ያጸደቀችው በደርግ ዘመን ጳጉሜን 5 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ስምምነቱ በገቡበት በአንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን፣ ከዚያም ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ሪፖርት አቅርቡ ይላል። ሒሳቡን የሚወድ አንባቢ ያስላው፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የታየው ገና ስምንተኛው ነበር። ከእሱ በፊት በ2003 ዓ.ም. ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ላይ ተጠርዘው ቀርበዋል። መዘግየቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ብዙ አገር ይህን ያደርጋል።

መርማሪው ኮሚቴ 23 አባላት አሉት። ከየአገሩ ቢመረጡም የሚቀመጡት መንግሥታቸውን ወክለው አይደለም። መንግሥት አስቀድሞ ሪፖርቱን ይልካል፤ ኮሚቴው ያልጠራውን ነገር ዘርዝሮ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከዚያ ልዑኩ ተጠርቶ ፊት ለፊት ይጠየቃል። ጥያቄው በስምምነቱ አንቀጾች ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ልዑካን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሚመቻቸው ነው፤ ይህን አዋጅ አወጣን፣ ይህን ፖሊሲ ቀረጽን፣ ይህን ሥልጠና ሰጠን። አባላቱ ደግሞ ወዲያው ወደማይመቸው ይሄዳሉ። በዚያ አንቀጽ ስንት ሰው ተከሰሰ? ስንቱ ተፈረደበት? ቁጥሩ በክልል፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ተለይቶ ተይዟል? በኢትዮጵያ ጉዳይ ኮሚቴው ከደጋገማቸው ወቀሳዎች አንዱ ይኸው ተለይቶ የተያዘ መረጃ ማነስ ነው።

በ2011ዱ ስብሰባ ልዑኩ የሚያወራው መልካም ነገር ነበረው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት፣ ከ20 ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ተሹሟል፤ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኮሚቴው ይህን አመሰገነ። ከዚያ ግን ወደቆየው ጥያቄ ተመለሰ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ የሚለውን ቃል ይዟል፤ ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው ስለዚህ በሕጉ ዓይን የለም። በሕግ ያልተሰየመ ወንጀል ደግሞ የፖሊስ መዝገብ ላይ ረድፍ አይኖረውም። ረድፍ የሌለው ነገር በሪፖርት ሲቀርብ ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮው የሚያሳየው ግን የመዝገቡን ባዶነት ነው።

ስለ ሕጉ ካነሣን፣ በጎውንም መናገር ያስፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፤ የቤቱ አለቃም ባል ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የወንጀል ሕጉም ጠለፋን፣ ግርዛትን፣ ያለዕድሜ ጋብቻን በስማቸው ጠርቶ ወንጀል አላቸው። እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በየፍርድ ቤቱ የያዛቸው ጉዳዮችና ያደረገው ቅስቀሳ ነው ከኋላቸው ያለው።

ይህ ማኅበር በኋላ የደረሰበት ነገር የክትትልን ጉዳይ ከማንም ሪፖርት በላይ ያስረዳል። ጄኔቭ ያለው ኮሚቴ መንግሥት የነገረውን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ በሰብዓዊ መብት የሚሠሩ ማኅበራት የየራሳቸውን ሪፖርት ይልካሉ፣ አባላቱን አግኝተው ያወራሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ግን ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በፆታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ጉድጓድ መቆፈር፣ ስንዴ ማደል ይቻላል፤ የሴትን መብት ይዞ ፍርድ ቤት መቆም አይቻልም። የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ለተበደለች ሴት ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው ክንዱ ሰለለ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በእኔ ግምት የሴቶች መብት ክትትል በኢትዮጵያ ትልቁን ጉዳት ያየው በዚህ አሥር ዓመት ነው። ጉዳቱ በምንም መቶኛ ላይ አይታይም፤ መቶኛውን አንሥቶ ልክ አይደለም የሚል ሰው ነው የጠፋው።

አንዲት ኢትዮጵያዊት በአገሯ ፍርድ ቤት ሰሚ ብታጣ ለዚያው ኮሚቴ በግሏ አቤት ልትል አትችልም። ለዚያ የሚያስፈልገውን የስምምነቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። የአፍሪካ አገሮች በ2003 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ ያወጡትን የሴቶች መብት ፕሮቶኮል ግን ከ15 ዓመት ቆይታ በኋላ አጽድቃለች፤ እሱንም ከአንዳንዱ አንቀጹ ራሷን አግልላ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በ2008ቱ ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜትን የሚጎዳ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ከዚህ በፊት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች፣ በ15 ቦታዎች ባስጠናው ትልቅ ጥናት ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ ነበረች። እዚያ 3,016 ሴቶች ተጠይቀው 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከባል ወይም ከወዳጅ አካላዊ አለዚያም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ ከ15ቱ ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው። ወሲባዊው ለብቻው 59 በመቶ ነበር። በ2008ቱ ጥናት በአገር ደረጃ ወሲባዊው 10 በመቶ ነው።

ታዲያ ከ59 ወደ 10 ወረደ እንበል? ይህን የሚል ሰው በስብሰባ ላይ አይጠፋም። ሁለቱን ቁጥሮች ግን ማወዳደር አይቻልም። አንደኛው የአንድ ገጠር አካባቢ ነው፣ ሌላው የአገር። ቡታጅራ የተጠየቀው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ሴቶች ጤናና ሕይወት ነው፤ ጠያቂዎቹም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሠልጥነው የወጡ ናቸው። የ2008ቱ ሴት ስለ ውሃ፣ ስለ አልጋ አጎበር፣ ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ስለ ልጅ ክትባት ብዙ ከተጠየቀች በኋላ ነው ወደ ዱላው የደረሰችው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወጥ ያራል፣ አማት ይመላለሳሉ። «አይ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለት በሰባት ሰከንድ ይገላግላል፤ «አዎ» ያለች ግን ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ ምን ጉዳት ደረሰ እየተባለች ትቀጥላለች። በዚያው ጥናት ጥቃት እንደደረሰባቸው ከተናገሩት ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚያ በፊት ለማንም አልነገሩም፣ ከማንም እርዳታ አልጠየቁም። ለእናቷ ያልነገረችውን ለማታውቃት ሴት የነገረች ሁሉ ድፍረት አሳይታለች። ዝም ያሉት ስንት እንደሆኑ ቁጥሩ አይነግረንም።

የተመሳሳይ ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ በየጊዜው ሲነፃፀር ግን ሚዛኑ ይታመናል። አንዱ እንዲህ ይላል፤ ሚስት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አብሬህ አልተኛም ብትል ባል ቢመታት ተገቢ ነው ትያለሽ? በ1992 ከመቶ 85 ሴቶች ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው አሉ። በ2003 ዓ.ም. 68፣ በ2008 ዓ.ም. 63። የወንዶቹ መልስ በ2008 ዓ.ም. 28 በመቶ ነው። ከሚመታው ይልቅ የምትመታዋ ዱላውን ደገፈች ማለት ነው፤ ቁጥሩን ላይ ላዩን ላነበበው። እኔ ወንዶቹ ቀድመው ነቁ ብዬ አላምንም። ሬዲዮ የሚሰማው፣ ስብሰባ የሚወጣው፣ የሚጠበቅበት መልስ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ወንዱ ነው። ሴቲቱ ደግሞ «ተገቢ ነው?» ስትባል የምትመልሰው ስለ ሕግ ሳይሆን ቤቷ ስላለው ልማድ ይሆናል። ያም ሆኖ ከ85 ወደ 63 መውረዱ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ጥያቄውም አጠያየቁም አልተለወጠምና።

ግርዛት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 74፣ በ2008 ዓ.ም. 65 ናቸው። ከዚህ ይበልጥ የሚናገረው በዕድሜ ሲከፈል ነው፤ በ2008 ከ45 እስከ 49 ካሉት 75 በመቶው፣ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47 በመቶው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነቱ ይታያል። በክልል ሲከፈል ደግሞ አገሩ አንድ አይመስልም፤ ሶማሌ 99 በመቶ፣ ትግራይ 24። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር፣ የ2008ቱ መጠይቅ የተተረጎመው ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ብቻ መሆኑ ነው። ግርዛት ከየትኛውም ቦታ በላይ በከበደበት በሶማሌና በአፋር የሴቲቱ ቋንቋ በወረቀት ላይ አልነበረም፤ እንዲያ ያለውን ጥያቄ በቃል እያዞሩ መጠየቅ ግድ ነው።

የልጆቹ ቁጥር ነው የሚያሳስበው። ስለ ትናንሽ ሴት ልጆች የምትጠየቀው እናትየው ናት። ከ1996 የወንጀል ሕግ በፊት «ልጅሽ ተገርዛለች?» ማለት ስለ ባህል መጠየቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው ወንጀል ሠርተሻል ወይ እንደማለት ነው። ሕጉ ድርጊቱን ቀንሷል፤ ድርጊቱን የሚናገረውንም አፍ እንዲሁ ዘግቷል። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ድግስ ተደግሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይደረግ የነበረው በየቦታው ወደ ሌሊትና ወደ ጓዳ ገብቷል፤ ልጅቷ ዕድሜዋ ከፍ ሲል ይፈጸም የነበረው ወደ ሕፃንነት ወርዷል። አማራና አፋር ውስጥ ድሮም በጨቅላነት ስለነበር፣ ከጎረቤት ዓይን ለማምለጥ ብዙ አያስቸግርም።

ዕድሜ ራሱ ሌላ መከራ ነው። ጥር መጣ እንበል፤ የሠርግ ወር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልትዳር መሆኑን የክፍል ጓደኞቿ ለመምህርት ሹክ ይላሉ፤ መምህርቷ ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለፖሊስ። አባትየው ተጠርቶ ይመጣል።

«አሥራ ስምንት ሞልቷታል ጌታዬ።»

«በምን እንወቅ?»

«እናቷ በሚሊኒየሙ በዓል ሰሞን ነው የወለደቻት። ይጠየቁ፣ የክርስትና አባቷም አሉ።»

የልደት ምስክር ወረቀት የለም። ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች፤ ባለሙያው ቁመናዋን፣ ጥርሷን አይቶ ይገምታል። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንትን በጥርስ መለየት አይቻልም፤ ግምቱ ላይ የሚፈርመው ሰው ደግሞ የሚኖረው እዚያው መንደር ነው። ሠርጉ ማኅበር ነው፣ ክርስትና ነው ተብሎ ሊያልፍም ይችላል፤ ታላቂቱ ስትዳር ታናናሾቹን በአንድ ድግስ ደርቦ መዳርም የታወቀ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ሦስት በመቶ ብቻ ነበሩ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው የሚል ሕግ ልደት ከማይጻፍበት ቀበሌ ሲደርስ በምስክር ቃል ላይ ይወድቃል። ኮሚቴዎች ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ብዙ ይጠይቃሉ፤ የቀበሌው መዝጋቢ ሥራውን መሥራቱ ግን ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል ባይ ነኝ።

መዝገብ ሲስተካከል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የገጠር መሬት ደብተርን ማየት ይበቃል። የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ቀድሞ የተጀመረው ትግራይ ውስጥ ነው፤ በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ስም ነበር፤ ባል ባለበት ቤት ባል ማለት ነው። አማራ ክልል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲጀምር ቅጹን ለወጠው፤ የባልም የሚስትም ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ። ልዩነቱ ከአንድ ቅጽ ላይ ከተጨመረ ቦታ አይበልጥም። ፎቶ ግን ከስም ይለያል። ማንበብ የማትችል ሴት ስሟ ይኑር አይኑር በዓይኗ አታረጋግጥም፤ ፊቷን ግን ታውቀዋለች። ሁለተኛ ሚስት ያመጣ ባል «ይህቺ ናት» ብሎ ሌላዋን ሊያቀርብ አይችልም። መሬቱን ለማከራየት ሲፈልግ ወይም ሲፋቱ ለመካፈል ሲቀርቡ ሽማግሌውም ዳኛውም ደብተሩን ይገልጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ያለ ተጨማሪ ወጪ ስታቲስቲክስ ይሆናል፤ ስንት ይዞታ በጋራ፣ ስንቱ በሴት ስም ብቻ እንደተመዘገበ ከመዝገቡ ይቆጠራል። በ2008ቱ ዓይነት ጥናት እንኳ ይህን በየጊዜው ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ጋር ሲወዳደር የምክር ቤት ወንበር መቁጠር ቀላሉ ነገር ነው፤ ስለሚቀልም ከሁሉ በላይ ይጠቀሳል። በ1992ቱ ምርጫ የሴቶች ድርሻ ስምንት በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. 38.8 በመቶ ደረሰ። ዓለም አቀፍ የደረጃ ሠንጠረዦች ይህን ይወዱታል፤ አንድ አገር በአንድ ቀን ሹመት ብዙ ደረጃ ሊዘል ይችላል። በዚያች ቀን ግን ውሃ ቀጂዋ ጀሪካኗን አላወረደችም። ውሃ የመቅዳቱን፣ እንጨት የመልቀሙን፣ ልጅና በሽተኛ የመጠበቁን ሰዓት ለመለካት በ2005 ዓ.ም. የተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ግን ከተመራማሪ በቀር አንሥቶ የሚጠቅሰው ብዙ ሰው አላየሁም።

የሚቆጠረው ሰው ብዛት ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደበዘዘ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ይካሄዳል ተብሎ ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። ይህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። የ2008ቱ ጥናት 645ቱን ቦታዎች የመረጠው ለ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞች ሰፍተዋል፣ ሰፈሮች ፈርሰዋል፣ በግጭት ምክንያት ወረዳ ሙሉ ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሏል። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛ ጥናት የጥቃቱን ክፍል አልያዘም። ዓመት ሳይሞላው ኮሮና ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ።

ጦርነት ውስጥ ጥናት የለም፤ ምርመራ ነው ያለው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በትግራይ ያደረጉትን የጋራ ምርመራ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ በቡድን መደፈርን ጨምሮ ከባድ ወሲባዊ ጥቃቶች በግጭቱ ተሳታፊዎች መፈጸማቸውን መዘገቡ። እንዲህ ያለው ሰነድ የሚያስረዳው ምን እንደተደረገ ነው፤ ስንት ሴት ላይ እንደተደረገ አይደለም። ብዛቱን ከጤና ተቋማት ለማግኘት የሚሞክር ሰው በር ላይ የደረሱትን ብቻ ያገኛል። መንገድ የተዘጋባት፣ ጤና ጣቢያው የተዘረፈባት፣ ብትናገር ባሏ እንደሚፈታት ያወቀች ሴት ዝርዝሩ ውስጥ አትገባም።

በሰላሙም ጊዜ ቢሆን የጤና ተቋም መዝገብ በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ ሆስፒታል የተጀመረው፣ የተደፈረች ሴት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ግቢ የምታገኝበት ማዕከል ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። ማዕከል በተከፈተበት ከተማ የጥቃት ቁጥር ወዲያው ይጨምራል። ባለሥልጣን ይደነግጣል፤ ጋዜጠኛም «ጥቃት አሻቀበ» ብሎ ይጽፋል። የመጡት ግን ድሮም የነበሩት ናቸው፤ የሚሄዱበት ስላገኙ መጡ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲቆይ ነው ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው።

በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተካሄደው የልጃገረዶች ጉባኤ ኢትዮጵያ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻን በ2025 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ቀኑ ደርሷል። ቃሉ ተጠብቋል ወይ ለሚል ሰው ግን መለኪያው ዛሬ ቢነሣም ስለ ዛሬ አይናገርም። ያለዕድሜ ጋብቻ የሚለካው ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉትን «መቼ አገባሽ?» ብሎ በመጠየቅ ነው፤ የ15 ዓመቷን ቢጠይቁ እስከ 18 ድረስ ምን እንደሚያጋጥማት ገና አይታወቅምና። በ2008ቱ ጥናት ከእነዚህ ወጣቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶው ደግሞ 15 ሳይሞላቸው አግብተው ተገኝተዋል፤ ጋብቻዎቹ ግን ከጥናቱ ዓመታት ቀድመው የተፈጸሙ ነበሩ። ቃሉ በተቀጠረበት በ2017 ዓ.ም. በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅም ወደ ቁጥሩ የምትገባው 20 ሲሞላት፣ በ2023 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ያኔ ጥናት ከተካሄደና የምትኖርበት ሰፈር በቆጠራው ዝርዝር ላይ ካለ።